«ተስማምታለች»፦ በማሳደጊያ ያለ ልጅ ስለ ራሱ ሲወሰን የሚጠየቀው እንዴት ነው?

ጅማ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ በማኅበራዊ ሠራተኛነት በቆየሁባቸው ዓመታት፣ በየልጁ ፋይል ውስጥ አንድ ቅጽ ነበረ። ልጁ ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር ወይም ትምህርት ቤት ሲቀየርለት ይሞላል። ከታች፣ ከፊርማው በላይ፣ «የልጁ/የልጅቷ አስተያየት» የምትል አንዲት መስመር አለች። አንድ ቀን ለኦዲት ፋይል ሳገላብጥ የዚያችን መስመር መልስ በተከታታይ አነበብኩት። ተስማምቷል። ተስማምታለች። ተስማምቷል። ተስማምተዋል (እነዚህ መንትዮች ነበሩ)። አብዛኛው የእጅ ጽሑፍ የኔው ነው።

ከእነዚያ ውስጥ አንዷን በደንብ አስታውሳታለሁ። የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ሰኞ ጠዋት ቢሮ አስጠራኋትና «አጎትሽ ተገኝቷል፤ ረቡዕ መጥቶ ይወስድሻል፤ ደስ አይልም?» አልኳት። መሬት መሬቱን እያየች «እሺ ጋሼ» አለች። አላለቀሰችም፣ አልተቃወመችም፤ ስለዚህ «ተስማምታለች» ብዬ ጻፍኩ። ከአምስት ወር በኋላ መናኸሪያ ብቻዋን ተገኘች። አጎትየውን ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም ነበር፤ የምታውቀው አክስቷን ነው። አክስትየው ደግሞ እዚያው አጠገብ ቀበሌ ትኖራለች። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት «ጋሼ፣ ረቡዕ ነው ያሉኝ» አለች።

ረቡዕ የተባለ ነገር ላይ ምን ይባላል? ውሳኔው አልቆ ነው የጠየቅኳት። ጥያቄም አልነበረም፤ ማርዳት ነበር።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ ስለ ሊጥ ከሆነ እውነት ነው። ማሳደጊያ ውስጥ ግን የሚቦካው የልጁ የገዛ ኑሮው ነው፤ ራቱንም የሚበላው እሱ ነው። ለዚህ ነው ልጆች ስለ አኗኗራቸው በሚወሰነው ውስጥ ይግቡ የሚባለው። ነገሩ ሲወራ ቀላል ይመስላል፤ ሥራው ላይ ሲገባ ግን ብዙ ጣጣ አለው።

ምኑ ነው የሚወሰነው?

ማሳደጊያ ሲባል አንድ ዓይነት ቤት አይደለም። ብዙ አልጋ በአንድ አዳራሽ የደረደረ አለ። እንደ ኤስ.ኦ.ኤስ. የልጆች መንደር፣ አንዲት እናት ጥቂት ልጆች ይዛ በአንድ ቤት የምትኖርበት አለ። ከጎዳና ወይም ከመናኸሪያ የተነሡ ልጆች ቤተሰብ እስኪፈለግ የሚያርፉበት ጊዜያዊ ማቆያ አለ። ልጆቹ ግን ሁሉንም በአንድ ቃል ይጠሩታል። «የት አደግክ?» ሲባሉ «ድርጅት» ነው የሚሉት።

ሰው እንደሚያስበው ሁሉም የሙት ልጆች አይደሉም። በየአገሩ በማሳደጊያ ከሚኖሩት አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ወላጅ አላቸው፤ ያስገባቸው ድህነት፣ ሕመም፣ የእንጀራ አባት ዱላ ወይም ትምህርት ፍለጋ ነው። ጅማ ደግሞ የመንገድ ከተማ ናት። ከቦንጋና ከሚዛን፣ ከዳውሮ፣ ከአጋሮና ከበደሌ የሚመጣው አውቶቡስ እዚህ ያራግፋል። አንድ ቤት ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛ፣ ካፊኛና የምኛ የሚናገሩ ልጆች አብረው ሊያድሩ ይችላሉ። ስለዚህ «ቤተሰብህ ጋ መመለስ ትፈልጋለህ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ዕለታዊ ጥያቄ ነው።

ትልልቆቹ ውሳኔዎች ግልጽ ናቸው፦ መግባት፣ መዛወር፣ ወደ ዘመድ መመለስ፣ የአደራ ቤተሰብ ጋ መሄድ፣ በጉዲፈቻ መሰጠት፣ ዕድሜ ሲደርስ መውጣት። ልጁን ከቀን ወደ ቀን የሚያደክሙት ግን ትንንሾቹ ናቸው። ማን ጋ ይተኛል? ወንድሙ በየትኛው ቤት ይሁን? በአፋን ኦሮሞ ይማር ወይስ በአማርኛ? ፀጉሯ ይላጭ ወይስ ትሠራው? ዓርብ ጁምዓ ማን ይወስደዋል? ስልክ ስንት ሰዓት ይሰጣል? ታዳጊ ልጅ ስለ ፖሊሲ ከመናገሩ በፊት ስለ ብርድ ልብሱ ይናገራል። ስለ ብርድ ልብሱ ሲናገር ያልሰማነው ልጅ ስለ አጎቱ ሊነግረን አይመጣም።

ሕጉ ምን ይላል?

የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1989 ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላዋለች። አንቀጽ 12 የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ የራሱን አስተያየት ሊይዝ የሚችል ልጅ፣ እሱን በሚነካ ጉዳይ ሁሉ አስተያየቱን በነፃነት የመግለጽ መብት አለው፤ አስተያየቱም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ተገቢው ክብደት ይሰጠዋል።

ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ «እንደ ዕድሜው» የምትለዋን ይይዝና «እንግዲህ ትንሽ ልጅ አይጠየቅም ማለት ነው» ይላል። አይደለም። ዕድሜ የሚገባው ክብደቱ ላይ ነው እንጂ መጠየቁ ላይ አይደለም። የኮንቬንሽኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የጄኔቫው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 12 ይህን አፍታቶታል። ለመጠየቅ የተቀመጠ ዝቅተኛ ዕድሜ የለም። ልጁ አስተያየት መያዝ እንደሚችል አስቀድሞ ይታሰባል፤ መቻሉን ያረጋግጥ ተብሎ ሸክሙ እሱ ላይ አይጣልም። መናገር መብት ነው እንጂ ግዴታ አይደለምና ዝም ማለትም ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተናገረው ምን እንደተደረገ ተመልሶ ሊነገረው ይገባል። በዚህች በመጨረሻዋ ላይ ቆየት ብዬ እመለሳለሁ፤ እኔ ባየሁት ሁሉም ሰው የሚዘላት እሷን ነው።

ከዚሁ ኮንቬንሽን ሁለት ሌሎች አንቀጾች ማሳደጊያን በቀጥታ ይመለከታሉ። አንቀጽ 20 ከቤተሰቡ የተለየ ልጅ ምን ዓይነት ምትክ እንክብካቤ እንደሚገባው ይዘረዝራል፤ የአደራ ቤተሰብን፣ በእስልምና ሕግ ያለውን ከፋላን (የዘር ሐረጉ ሳይቀየር ልጅን ወስዶ ማሳደግ)፣ ጉዲፈቻን፣ አስፈላጊ ሲሆን ደግሞ ማሳደጊያን ይጠቅሳል። የልጁ ሃይማኖት፣ ባህልና ቋንቋም እንዳይቋረጥ ያሳስባል። አንቀጽ 25 ደግሞ እንዲህ የተቀመጠ ልጅ ሁኔታው በየጊዜው እየታየ እንዲመረመር ይላል። አንዴ ገብቷልና ይኑር አይባልም።

እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የወጣው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ይህን በቁጥር ያስቀምጠዋል፤ በጊዜያዊነት የተቀመጠ ልጅ ጉዳይ ቢቻል ቢያንስ በየ3 ወሩ ይታይ፣ ልጁም ራሱ ይግባበት ይላል። ወንድማማችና እኅትማማች ያለ በቂ ምክንያት እንዳይለያዩ፣ ከ3 ዓመት በታች ያሉት ደግሞ በቤተሰብ ውስጥ እንዲያድጉ ያሳስባል። በዚያው ዓመት የኛም የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር የራሱን የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ አውጥቷል፤ ማሳደጊያ የመጨረሻ አማራጭ መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል።

ከአፍሪካም የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር አለ፤ አንቀጽ 4 በዳኝነትና በአስተዳደር ጉዳይ ልጁ እንዲደመጥ ያዛል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ዘርዝሯል፤ በአንቀጽ 9 ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። «እሱ የፈረንጅ ሕግ ነው» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ፍርድ ቤት ጉዲፈቻን ከማጽደቁ በፊት የልጁን አስተያየት እንዲያይ ያዛል። ጅማ ላይ የሚሠራው ግን የኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስለሆነ፣ ጉዳይ ያለው ሰው የፌዴራሉን ይዞ ወደ ፍርድ ቤት እንዳይሄድ።

ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ የዚህ አካባቢ ነው። አማርኛው ሕግ የተዋሰው ከአፋን ኦሮሞ ነው፤ ጉዲሱ ማለት ማሳደግ ነው። ጅማ ላይ ተቀምጦ «የሰው ልጅ ማሳደግ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይገርመኛል። በ2010 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር የሚደረግ ጉዲፈቻ በሕግ ከቀረ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ወደ አገር ቤት ዞሯል። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የአደራ ቤተሰብ፣ ማሳደጊያ፤ ምርጫው ይህ ነው። ከእነዚህ የትኛው እንደሚሻል ከማንም በላይ የሚያውቅ ነገር ያለው ልጁ ነው። አክስቱ የት እንደምትኖር የሚያውቀው እሱ ነዋ!

«እሺ» ማለት ምን ማለት ነው?

እኛ አገር ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ቀና ብሎ አያይም፣ አይመልስም፣ አይከራከርም። ጥሩ አስተዳደግ ነው ብለን ያስተማርነው ይህን ነው። ማሳደጊያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ጠያቂው የሚያበላው ሰው ነው። ጉርሻው ያለበትን እጅ ማን ይነክሳል? ስለዚህ «እሺ» የምትለው ቃል አምስት ስድስት ነገር ልትሆን ትችላለች። ገብቶኛል። አልገባኝም ግን አፍራለሁ። ብቃወም ትጠሉኛላችሁ። ቶሎ ልውጣ፣ ኳስ ጨዋታ ተጀምሯል። ወይም ከልቤ እፈልጋለሁ። የትኛዋ እንደሆነች አንድ ጊዜ ቢሮ አስጠርቶ ማወቅ አይቻልም።

ሮጀር ሃርት የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ በጻፈው የልጆችን ተሳትፎ በስምንት እርከን መሰላል ከፋፍሎ አሳይቷል። ታችኛዎቹን ሦስት እርከኖች ተሳትፎ አይላቸውም። ልጁን ለአዋቂ ዓላማ መጠቀሚያ ማድረግ፣ ልጁን ጌጥ ማድረግ፣ ለይስሙላ ማስቀመጥ ናቸው። በማሳደጊያ የሠራ ሰው ሁለተኛውን ወዲያው ያውቀዋል። እንግዳ ይመጣል፤ ልጆች ባህል ልብስ ለብሰው ይሰለፋሉ፣ ይዘምራሉ፤ አንዱ በእንግዳው ፊት «እዚህ ደስተኛ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ምን ይበል? እኔ ራሴ ያንን ሰልፍ ስንት ጊዜ እንዳሰለፍኩ አልቆጠርኩትም።

በቤልፋስት የምታስተምረው ሎራ ለንዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ነገሩን በአራት ቃል አስቀመጠችው፤ ለኔ እስካሁን ከዚህ የቀለለ ማብራሪያ አልገጠመኝም። ልጁ የሚናገርበት አስተማማኝ ቦታ ያስፈልገዋል። ሐሳቡን የሚገልጥበት ድምፅ ያስፈልገዋል። የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያውም መወሰን የሚችል ሰው እንጂ ዘበኛው ወይም ለሦስት ወር የመጣ ተለማማጅ ተማሪ አይደለም። በመጨረሻም የተናገረው ነገር ውሳኔው ላይ አንዳች ነገር ማድረግ መቻል አለበት። ያቺን የ12 ዓመት ልጅ ስጠይቅ ቦታው ቢሮዬ ነበር፣ ሰሚው እኔው ነበርኩ፣ ውጤቱም ሰኞ ጠዋት ተወስኖ ነበር። ከአራቱ አንዱም አልነበረም።

ጥያቄው እንዴት ይጠየቅ?

አንደኛ ነገር ጊዜው ነው። ውሳኔው ክፍት እያለ ካልተጠየቀ መጠየቁ ይቅር። «አጎትሽ አለ፤ አክስትሽም አለች፤ እዚህም መቆየት ይቻላል፤ እስካሁን አልተወሰነም፤ የሚወሰነው በወሩ መጨረሻ ነው፤ የሚወስኑት እነ እገሌ ናቸው» ተብሎ መጀመር ነበረበት። ልጅ ምርጫዎቹን ሳያውቅ ምርጫውን ሊናገር አይችልም። ደግሞ አንዴ አይበቃም። ዛሬ የተባለ ነገር ላይ ማታ ተኝተው ያስቡበታል፣ ከጓደኛ ይማከራሉ፤ በሦስተኛው ቀን የሚመጣው መልስ ከመጀመሪያው የተለየ ነው።

ቦታውም ጠረጴዛ ባይኖረው ይሻላል። የተሻለ ወሬ የሰማሁት ሽንኩርት እየላጥን፣ የቡና ሲኒ እያጠብን፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በአዌቱ ወንዝ ድልድይ እያለፍን ነው። ጎን ለጎን ሲኬድ ልጅ ዓይን ለዓይን አይፋጠጥም፤ ምላሱ ይፈታል። ትንንሾቹ በሥዕል ይናገራሉ። «ቤት ሣል» ብትለው ማንን በር ላይ እንዳቆመ፣ ማንን ከአጥር ውጭ እንዳስቀረ ታያለህ። ግን ጥንቃቄ፤ ሥዕሉን አይቶ እንደ ጠንቋይ መተንበይ አይደለም። «ይህ ማነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ቋንቋው ቀላል ነገር አይደለም። ከዳውሮ መጥቶ አማርኛ ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ «መልሶ መቀላቀል»፣ ማለትም ወደ ቤተሰብ መመለስ፣ ሲባል ምን ይረዳል? (እኔ ራሴ ቃሉን መጀመሪያ ስሰማ ወጥ መስሎኝ ነበር።) የሚችል ሌላ ልጅ አስተርጓሚ ይሁን ይባላል፤ የልጅ ምስጢር በልጅ አይተረጎምም። መስማት የተሳነው ልጅ ካለ ደግሞ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ከትምህርት ቤት ተፈልጎ ይመጣል እንጂ በእጅ ጠቅሶ «ገባው» ማለት አይቻልም።

ልጁ የሚመርጠው አንድ ሰው አብሮት ይቀመጥ። ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ማኅበራዊ ሠራተኛውን አይደለም። የቤት እናቷን ይመርጣል፣ ወይ ምግብ አብሳይዋን፣ አንዳንዴም የጓሮ ሠራተኛውን። የቤት እናቶች በየማሳደጊያው ዝቅተኛ ደሞዝ የሚከፈላቸው፣ በስብሰባ ብዙም የማይጠሩ፣ ነገር ግን ልጁ ሌሊት ምን ብሎ እንደሚቃዥ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እነሱን ሳይሰሙ ልጁን ሰማሁ ማለት ያስቸግራል።

ሳጥኑና ስብሰባው

አንድ ጊዜ የሐሳብ መስጫ ሳጥን እንስቀል አልኩ። እንጨት ሠሪ አሠርተን፣ ቁልፍ አድርገንለት፣ ቢሮው በር አጠገብ ሰቀልነው። ከሁለት ወር በኋላ ስንከፍተው አንዲት ወረቀት ተገኘች፤ በእርሳስ «ሳጥኑን የሚከፍተው ማነው?» ተብሎ ተጽፎባታል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ልጆቹ ይህንን ያውቃሉ፤ የእጅ ጽሑፋቸውን እንደማውቅም ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ ሳጥን ሳይ አስቀድሜ የማየው ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ነው።

የሠራልን የቅዳሜ የቤት ስብሰባ ነው። ልጆቹ በየተራ ይመሩታል። ደንቡ አንድ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት የተጠየቀው ነገር ምን ሆነ የሚለው መጀመሪያ ይመለሳል። አንድ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ተገጣጠሙ። እኛ አዋቂዎቹ ሁለት ምድጃ፣ ሁለት የምግብ ሰዓት፣ ሁለት ተረኛ ብለን ወረቀት ላይ አወጣን፤ ወጪው ራስ የሚያዞር ሆነ። ልጆቹ አንድ ቅዳሜ ላይ ጨረሱት። ማታ በአንድ ድስት ሽሮ ለሁሉም ይሠራ፤ ሽሮ የጾም ነው፣ ለማፍጠሪያም ይሆናል፤ ለሚያፈጥሩት ቴምርና ሳምቡሳ ይጨመር፤ ለሱሁር ትልልቆቹ በየተራ ተነሥተው ያሙቁ። የማይጾሙት ትንንሾች ምሳቸውን በጓሮ በኩል ይብሉ፣ በጿሚ ፊት እንዳይሆን። ይህችን የመጨረሻዋን እኛ አላሰብናትም ነበር።

የልጆች ኮሚቴ የሚባለው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚመረጡት አንደበታቸው የቀና፣ ደረጃ የሚወጡ፣ ትልልቅ ሰዎች የሚወዷቸው ሦስት ልጆች ናቸው። ዓመት ሳይሞላ የኛ ሰላይ ይሆናሉ፤ ማን አጥር እንደዘለለ ይነግሩናል። አልጋ ላይ የሚሸናው ልጅ፣ ክፍል የደገመው፣ ዝም የሚለው፣ እነሱ ኮሚቴው ውስጥ የሉም። ተራ ቢሆን ይሻላል፤ ወይም ጭራሽ ባይኖር።

«አይሆንም» ሲባል

ልጅን መስማት ልጅ ያለውን ሁሉ መፈጸም አይደለም። የሚደበድበው ሰው ጋ እመለሳለሁ ያለ ልጅ አለ፤ ልጅ ከደብዳቢውም ጋር ፍቅር አለውና። እዚህ ላይ አዋቂው አይሆንም ማለት አለበት። ጥያቄው አይሆንም የሚባለው እንዴት ነው የሚለው ነው፤ መጀመሪያ እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው።

የ15 ዓመት ልጅ ታላቅ ወንድሙ ጋ ልኑር አለ። ወንድምየው የአይሱዙ ረዳት ነው፤ ከአራት ባልደረቦቹ ጋር አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ያድራል፣ ሳምንቱን ግማሽ መንገድ ላይ ነው። አሁን አይሆንም ተባለ። ድሮ ቢሆን በዚህ ያበቃ ነበር፤ ልጁም መልሱን የሚያውቀው ምንም ነገር ሳይሆን ሲቀር ነው። በዚህኛው ጊዜ ግን ቁጭ ብለን ነገርነው። ያልከው ይህ ነው፤ ጽፈነዋል፤ እየው። ያልተቀበልነው በዚህና በዚህ ምክንያት ነው። ወንድምህ የራሱ ክፍል ከተከራየ እንደገና እናየዋለን። እስከዚያ እሑድ እሑድ እሱ ጋ ትውላለህ። ውሳኔው ካልተዋጠልህ ለእገሌ ማመልከት ትችላለህ። በሩን ወርውሮት ወጣ፤ ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። ልክ ነበርን ወይ ብትሉኝ እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም። ግን እሑድ ሲሄድ «ክፍሉ ስንት ብር እንደሆነ ጠይቄ እመጣለሁ» ብሎኝ ነው የሄደው። ነገሩ አልተዘጋበትም፤ ምን ቢሆን እንደሚከፈት ያውቃል።

መልስ ሳይሰጡ መጠየቅ ጭራሽ ካለመጠየቅ የከፋ ይመስለኛል። ያልተጠየቀ ልጅ ተስፋ አያደርግም። ተጠይቆ መልስ ያጣ ልጅ ግን መናገር ዋጋ እንደሌለው ይማራል፤ በኋላ እውነተኛ አደጋ ሲደርስበትም፣ ሰው ሲነካውም፣ አፉን አይከፍትም።

18 ዓመት

ከሁሉም ውሳኔ በዝምታ የሚያልፈው መውጣት ነው። 18 ሲሞላ ልጁ አዋቂ ይባላል፤ አዋቂ የሆነው ግን በማን አቆጣጠር ነው? ተጥሎ ወይም ጠፍቶ የተገኘ ልጅ ዕድሜው ሲገባ በግምት ይጻፋል። ጥርሱ ታይቶ፣ ቁመቱ ተለክቶ፣ «ስድስት ይሆናል» ተብሎ። ያ ግምት ነው ከ12 ዓመት በኋላ የሚያስወጣው። አንድ ልጅ «እኔ ግን የዚያን ጊዜ ገና ጥርሴ አልወለቀም ነበር፤ አስታውሳለሁ» ብሎ ተከራክሮኛል። ፋይሉን ሳይ እሱ ያለው ይበልጥ ያሳምናል። የልደት ቀኑ ላይ እንኳ ጠይቀነው አናውቅም ነበር።

ዝግጅቱ በ14 እና በ15 ዓመት መጀመር አለበት፤ የመውጫው ዓመት ላይ ከሆነ ስንብት ነው። የልደት የምስክር ወረቀት ወጥቶለታል? የቀበሌ መታወቂያ በየትኛው ቀበሌ ይወጣል፣ ማንስ ይመሰክርለታል? የባንክ ደብተሩ በማን ስም ነው? ነፃ ወጥ ቤት የለመደ ልጅ አንድ ኪሎ ሽንኩርት በጅማ መርካቶ ስንት እንደሆነ ራሱ ጠይቆ ያውቃል? ሥልጠናን በተመለከተ ደግሞ ልጃገረዶችን ሁሉ ፀጉር ሥራ፣ ወንዶችን ሁሉ መንጃ ፈቃድ ማስገባት ምርጫ አይባልም። «ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ብለን ጠይቀን «ብየዳ» ስትል የሳቅን እኛ ነን።

የተባበሩት መንግሥታቱ የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ አንድ የማልረሳው ነገር አለው፤ ልጁ የራሱን ታሪክ የያዘ መዝገብ ይኑረው፣ ሲያድግም ይከተለው ይላል። ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ያስገባው ሰው ማን እንደነበር፣ በየጊዜው ምን እንዳለና ምን እንደተወሰነ። ፋይሉ የቢሮው ብቻ ሲሆን ልጁ ሲወጣ የሚቀረው ከጓደኛ የሰማው ነገር ነው።

ቅሬታ ያለው ልጅ ደግሞ ከማሳደጊያው ውጭ የሚሄድበት በር ሊያውቅ ይገባል። ያው መመሪያ ልጆች የሚያውቁት፣ የሚሠራ፣ ገለልተኛ የቅሬታ መንገድ ይኑር ይላል። በከተማው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አለ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ጅማ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው። አድራሻቸው ልጆቹ በሚያዩት ግድግዳ ላይ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይለጠፍ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ አይደለም።

ያ የድሮ ቅጽ ዛሬ ተቀይሯል። አንዷ መስመር አራት ሆናለች፦ ልጅቷ ያለችው በራሷ ቃል፣ የተወሰነው፣ ምክንያቱ፣ መልሱ የተነገራት ቀንና የነገራት ሰው። «ተስማምታለች» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። በቅርቡ አጋሮ ያለች አክስቷ ጋ ስለመሄድ የተጠየቀች የ11 ዓመት ልጅ በመጀመሪያው መስመር ላይ ራሷ በእርሳስ የጻፈችው ይህ ነው፦ «ክረምቱን እሄዳለሁ። ዶሮዋን ይዤ ልሂድ። በመስከረም እንደገና ጠይቁኝ።» ዶሮዋ ሄዳለች። መስከረም 8 ላይ ካላንደሩን በቀይ ከብበነዋል።